ተቸግሬያለሁ ያለው ሰው

የስድስት ሳምንቱ ስልጠና እንዳለቀ የቡድን መሪ አደረጓት። ከዚያ በፊት ለክሊኒኮች የቀጠሮ መያዣ ፕሮግራም ከሚሠሩት ስምንት ባለሙያዎች አንዷ ነበረች። ሥራውን ያስተማራት ሁሉም «ጋሼ» የሚለው ሽበታሙ ሰውዬ ነው፤ ገና ከትምህርት ቤት እንደወጣች ቁልፎቹን ለመንካት ስትፈራ አይቶ፣ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና፣ «አይዞሽ፣ ኮምፒውተር አይነክስም» ያላት እሱ ነው።

ስልጠናው ላይ አጃይል የሚባለውን አሠራር ተምራ መጣች። ትልቁን ሥራ በየሁለት ሳምንቱ እየቆራረሱ መሥራት፣ ጠዋት ጠዋት ሰሌዳው ፊት ቆሞ ትናንት ምን ሠራሁ፣ ዛሬ ምን እሠራለሁ፣ ምን አስቸገረኝ መባባል። ደብተሯ ላይ ሁለት ጊዜ ያሰመረችበት ግን «መሪ ለቡድኑ ጋሻ ነው» የሚለው ነበር። ከልቧ አምናበታለች።

በመጀመሪያው ጠዋት ሰባቱንም ሰብስባ፣ «እዚህ ተቸገርኩ ማለት ነውር አይደለም። የምንነጋገረውም ከዚህ ክፍል አይወጣም» አለቻቸው።

ሌላው ዳር ዳር ሲል ጋሼ ብቻ አመናት። «አዲሱ የፕሮግራም ቋንቋ አልገባኝ ብሏል፤ ተቸግሬያለሁ» አለ። በነጋታውም፣ ከዚያም በኋላ ደጋገመው። እሷም መዘገበችው፤ አንድ ሰው አብሮት እንዲሠራ አደረገች። ሥራው ዘገም እያለም ቢሆን ተራመደ።

በሁለተኛው ወር ሥራ አስኪያጁ አስጠራት።

«የየጠዋቱን ማስታወሻ ላኪልኝ እስቲ፣ አካሄዳችሁን ልየው።»

የገባችው ቃል ትዝ አላት። ሹመቷ ግን ገና ትኩስ ነው፤ እምቢ ማለት ፈራች። ላከችለት።

በሳምንቱ ጋሼ የስንብት ደብዳቤ ደረሰው። «ሥራው ከአቅሙ በላይ መሆኑን በራሱ አንደበት አሥራ አንድ ጊዜ አረጋግጧል» ይላል። ሮጣ ስትደርስ መነጽሩን ቦርሳው ውስጥ እየከተተ ነበር።

«ጋሼ፣ ለዚህ እንደሚያውሉት አላወቅኩም። ሄጄ እነግራቸዋለሁ!»

«ንገሪያቸዋ፣ ልጄ» አላትና እጁን አጣምሮ ጠበቃት።

የሥራ አስኪያጁ ቢሮ ቢርቅ አሥር እርምጃ ነው። እግሯ አልተነሣም። ጋሼ ጥቂት ቆየና ቦርሳውን አንግቶ ሳይሰናበታት ወጣ። ከኋላዋ አንዱ፣ «ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ» ሲል ሰማች፤ ማን እንደሆነ ግን ዞራ አላየችም።

ከዚያ ወዲያ ስድስቱም በየጠዋቱ «ምንም ችግር የለም» ይሏት ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ተደሰተ። ፕሮግራሙ ሥራ በጀመረበት ቀን ግን ለአንድ ሐኪም በተመሳሳይ ሰዓት አምስት አምስት በሽተኛ እየቀጠረ ክሊኒኮቹን አተራመሳቸው።

ከስድስቱ አንዷ፣ ፕሮግራሙን የምትፈትሸው ባለሙያ፣ «ስህተቱን ከወር በፊት አይቼዋለሁ» አለቻት፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

«ታዲያ ጠዋት ጠዋት ስጠይቅሽ?»

«እህቴ፣ እኔም የማሳድጋቸው ልጆች አሉኝ።»

በዚያን ቀን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች። «ሰዎቹ የሚዋሹት በእኔ ምክንያት ነው። ጋሼን አሳልፌ ስለሰጠሁት ነው» አለችው።

እሱም በትዕግሥት ሰማትና፣ «መተማመን ጎድሏቸዋል ማለት ነው። ከሰኞ ጀምሮ አሠልጥኛቸው» አላት።

ሰኞ ስድስቱም ደብተር ይዘው ተቀመጡ። ስለ መተማመን ስታስተምር አንገታቸውን ደፍተው ጻፉ። ጥያቄ አለ ወይ ስትል አንድም እጅ አልተነሣም።