ሳምንት እየዘለለች እናት ለሆነች ሴት የሚስማማ ቦቢል

እና የቀድሞ ባሌ ግዛው ከሚነዳው ማነስ የለበትም፣ ይኼ የመጀመሪያው ነው፣ አልጋው፣ ማድቤቱ፣ ሽንት ቤቱ ቀስ ተብሎ ይታያል፣ ብቻ ጎን ለጎን ቢቆሙ የግዛው መጫወቻ መምሰል አለበት። ቦቢል ማለት እንግዲህ ቤት ያለው መኪና ነው፣ ፈረንጅ ጡረታ ሲወጣ ይገዛዋል፣ የእኛ ሰው ደግሞ ሚስት ሲቀይር። የሻጩ ግቢ ውስጥ ሰላሳ ይሆናሉ ተደርድረዋል፣ ሁሉም ነጭ፣ በረዶው ቀልጦ መሬቱ ጭቃ ሆኗል፣ ናታሊ ከኋላዬ እየተጎተተች ነው፣ ልጄ፣ ካልሲዋ ርሷል፣ ስልኳን ግን አትለቅም፣ ከማን ጋ ነው የምትጻጻፊው ብዬ አልጠይቃትም፣ አውቀዋለሁ፣ ከጸዳለ ጋ ነው፣ ከአባቷ ሚስት ጋ።

ባለፈው ሐምሌ ሦስት ሳምንት ሙሉ ልጄን ያየኋት ፌስቡክ ላይ ነው፣ እኔ ሮመን ሰፈር፣ ቤቴ፣ አራተኛ ፎቅ፣ መስኮት ከፍቼ ተቀምጬ፣ እሷ የት እንደሆነ እንኳ የማላውቀው ባሕር ዳርቻ፣ ታጣፊ ጠረጴዛ፣ ታጣፊ ወንበር፣ ሌዊ፣ የጸዳለና የግዛው ትንሹ፣ ናታሊ ጭን ላይ፣ ጸዳለ ከጎኗ ጥርሷን አግጥጣ፣ እሱ ሁሉ ይሁን፣ ሹሩባው ግን አይሁን። ሹሩባ ተሠርታለች። እኔ ማበጠሪያ ሳነሳ ጎረቤት እስኪሰማ የምትጮኽ ልጅ፣ ማማ አሳመምሽኝ፣ ማማ ተይው፣ ለጸዳለ ሁለት ሰዓት ቁጭ ብላ ቀጫጭን፣ ጥርት ያለ ሹሩባ። የት ነው የተሠራሽው ስላት፣ ላይኛው አልጋ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ኩሰሊ ነበር ማማ፣ ኩሰሊ፣ ሞቅ ያለ ደስ የሚል ማለቷ ነው፣ እንዲያ ብላ አንጀቴን ድብን አደረገችው። ቀናሁ። ምን ይደበቃል፣ ግዛውን ስታገባው እንዲህ አልቀናሁም፣ ከተለያየን ሁለት ዓመት አልፎን ነበር፣ እንኳን እሱን ያንን የሚሸት የሥራ ጫማውንም መርቄ እሰጣት ነበር፣ የልጄን ፀጉር ግን ማን ስጪ አላት።

ወረቀቱማ ያምራል፣ ሁለቱ ወላጆች በመግባባት ላይ በመመሥረት ልጃቸውን በእኩል የመኖሪያ ጊዜ ያሳድጋሉ፣ ፊርማ፣ ፊርማ፣ አንድ ሳምንት እኔ ጋ፣ አንድ ሳምንት እነሱ ጋ። አሁን ደግሞ አሥራ ሦስት ሞላት፣ ሐምሌን የት እንደምታሳልፍ ራሷ ትመርጣለች፣ እስከ ፋሲካ እነግራችኋለሁ ብላ እኔንም አባቷንም እንደ ዳኛ ቀጥራናለች። ፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀረው። ቦቢል ያለው ቤት ያሸንፋል፣ በቃ፣ ዘንድሮ ግን ፌስቡክ ላይ አላያትም።

ሻጩ ይመጣል፣ ጠና ያለ ሰውዬ፣ ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቷል፣ ትልቁን አሳየኝ ልለው ስል ይቀድመኛል፣ መኪናውን ተይው፣ መጀመሪያ ኑሮሽን ንገሪኝ፣ ምን ዓይነት ኑሮ ነው የምትኖሪው፣ ይለኛል። ጉድ ነው፣ ኑሮ ሊያናዝዘኝ። እጁን እየዘረጋ ያስረዳኛል፣ ብቻውን ለሚሄድ ሰው ያቺ ቫኗ ትበቃለች፣ ከተማ ውስጥም ማቆሚያ አታጣም፣ ለባልና ሚስት ያ ዝቅ ያለው፣ ከኋላው የማይታጠፍ አልጋ ያለው፣ ልጆች ካሉ ያ ከሾፌሩ ጭንቅላት በላይ አልጋ የተሠራለት፣ ግንባራሙ፣ ከዚያ ደግሞ ያ ግዙፉ፣ ፊቱ እንደ አውቶቡስ ጠፍጣፋ የሆነው። ስንት ናችሁ፣ ይለኛል። ስንት ነን። አሁን ይኼ ጥያቄ ነው፣ ሳምንት እየዘለልኩ እናት ነኝ ልበለው፣ አንዱን ሳምንት ሁለት ነን፣ ሌላውን ሳምንት ከሥራ ስመለስ የሰው ድምፅ ይሁነኝ ብዬ ቴሌቪዥን ከፍቼ ወጥ የማሞቅ ሴት ነኝ፣ ለእንዲህ ዓይነቷ የትኛው ይሆናታል ልበለው፣ ቫኗ ነች ሊለኝ ነው፣ ቫኗን አያታለሁ፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ምድጃ፣ የብቸኛ ሰው ሳጥን። ስድስት ነን እለዋለሁ። ናታሊ ከስልኳ ቀና ትላለች። ስድስት፣ ዘመድ አለን፣ እንግዳ አለን፣ እኛ ሰው እናበዛለን፣ ግዙፉን አሳየኝ።

መሪው ኋላ ስቀመጥ ነፍሴ መለስ ትላለች፣ ይኼ የኔ ቦታ ነው፣ ሰፊ መስታወት፣ ከፍ ያለ ወንበር፣ እኔ መሀሉ የሚታጠፈውን አሥራ ስምንት ሜትር አውቶቡስ በበረዶ የማሾር ሴት ነኝ፣ ግዛው እኮ የሚሠራበት የአልናብሩ መጋዘን በር ላይ እንኳ ጎማውን ድንጋይ ሳያስነካ አቁሞ አያውቅም፣ እሱ ነው ልጄን ተራራ ለተራራ ያዞራት፣ አሁን ይየኝ፣ ትየኝ እሷም። መንጃ ፈቃድሽን ልየው ይላል ሻጩ፣ ቀስ ብዬ፣ ኮራ ብዬ እሰጠዋለሁ፣ የአውቶቡስ መሆኑን አይቶ እንዲደነቅልኝ። ገልብጦ ያያል። ደግሞ ያያል። ይኼኛው ክብደቱ ከሦስት ቶን ተኩል ያልፋል፣ ለእሱ የጭነት መኪና ፈቃድ ነው የሚያስፈልገው፣ ያንቺ የአውቶቡስ ነው። እና። እና አይፈቅድልሽም፣ ይላል። ሰውዬ፣ እኔ ከመቶ ሰው በላይ ጭኜ እሄዳለሁ፣ ሕፃን ጋሪ ሳይቀር። ያ፣ ያ፣ አዎ አዎ ማለቱ ነው፣ በአውቶቡስ ትሄጃለሽ፣ ይኼ ግን አውቶቡስ አይደለም፣ አንቺ መንዳት የምትችይው ማንም ተራ ፈቃድ ያለው ሰው የሚነዳውን ነው። ማንም ተራ ሰው። ግዛው የሚነዳውን ማለቱ ነው እንግዲህ፣ ስንት ዓመት መሪ ጨብጬ መጨረሻዬ ከግዛው እኩል። ናታሊ ትስቃለች፣ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ቀጥላ ስልኳ ላይ ጣቷ ይሮጣል፣ ይኼንንም እየጻፈችላት ነው፣ ማማ ትልቁን መኪና ተከለከለች፣ ሃ ሃ፣ እዚያ ሶፋ ላይ ሆነው ይሳቁብኝ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፣ እኔ ደግሞ ቅናት ይዤ መኪና መረጣ፣ ይበለኝ።

የቀረው ግንባራሙ ነው። ልክ የግዛው ዓይነት፣ በሩ በዚያው ጎን፣ የመጋረጃው ቀለም እንኳ አንድ፣ አይሆንም ልል አፌን ስከፍት ናታሊ ጫማዋን አውልቃ መሰላሉ ላይ ወጥታለች፣ ቤቷን እንደምታውቅ ሰው፣ መብራቱ የት እንደሚበራ ሳታይ በእጇ ታገኘዋለች፣ ይኼ ደግሞ ይወጋኛል፣ እኔ የማላውቀውን ታውቃለች፣ ሌላ ሴት ጋ የለመደችውን። ማማ ነይ፣ ውጪ። በዚህ ጉልበት፣ በዚህ ወገብ፣ እየቃተትኩ እወጣለሁ፣ ጣራው አፍንጫችን ላይ ነው፣ ጎን ለጎን እንጋደማለን፣ ስንት ጊዜ ሆነን እንዲህ ከተጋደምን፣ ትንፋሿ ማስቲካ ማስቲካ ይላል፣ ትልቅ ሴት እያከለች ነው፣ እግሯ ከእግሬ ያልፋል። ስንት ቀበቶ አለው ብላ ወደ ታች ትጣራለች። ሻጩ ከታች፣ አልጋው ለስድስት ነው፣ ቀበቶው ግን አራት፣ እየሄደ ከአራት ሰው በላይ አይጭንም፣ ስድስት ናችሁ አይደል፣ ይላል። አራት ይበቃል ትላለች ናታሊ፣ ጣቷን እያጠፈች፣ አንቺ፣ እኔ፣ ሌዊ።

ሌዊ። ሌዊ ምን ሊሠራ እኔ መኪና ውስጥ፣ እላታለሁ፣ ድምፄን ልቆጣጠረው አልቻልኩም። ዞር ብላ ታየኛለች፣ ወንድሜ አይደል እንዴ። ወንድሟ። የተወለደ ሰሞን ከትምህርት ቤት መጥታ ግማሽ ወንድም ተወለደልኝ ስትለኝ ማን ነው የተቆጣት፣ እኔው ነኝ፣ ፈረንጅ ወንድም ይከፍላል፣ እኛ ጋ ወንድም አይከፈልም፣ ሁለተኛ ግማሽ ስትይ እንዳልሰማ፣ ያልኳት እኔ ነኝ በዚህ በገዛ አፌ፣ አፍ አያርፍም እኮ፣ ሆዴ ሌላ እያለ አፌ ጨዋ ሆኖ። እና አራተኛዋን ማወቅ አልፈልግም፣ አውቄያታለሁ። ሌዊ ያለ እናቱ አይተኛም ማማ፣ ሁለት ዓመቱ እኮ ነው፣ ፓፓ ዘንድሮ ሐምሌን ይሠራል፣ ፈቃድ አልሰጡትም፣ ጸዳለ ደግሞ መንዳት አትችልም፣ መኪናቸው ቆሞ ሊከርም ነው። ስልኳን ዓይኔ ላይ ትዘረጋዋለች፣ ላነበው አልፈልግም፣ አነበዋለሁ፣ ናታሊዬ እናትሽን እንዳትጠይቂያት፣ እሷም ካንቺ ጋ ብቻዋን መሆን ይገባታል፣ ይላል፣ ከሥሩ ቀይ ልብ። እና ይኼን እያነበብኩ ጥሩነቷ ያቃጥለኛል፣ ክፉ ብትሆን ምን ነበረበት፣ የእንጀራ እናት አይደለች፣ ወጉ እንደሚለው ብትሆን እኔም ጠልቻት አርፍ ነበር።

አንቺ ብትወስጂን ግን፣ ትላለች ናታሊ፣ ዓይኗን ከጣራው ሳትነቅል፣ መምረጥ የለብኝም።

አትነካኝም፣ አታየኝም፣ ማስቲካውን ማላመጥ አቁማለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፣ እንደ ዳኛ ቀጠረችን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ለካ ከሳሽም ተከሳሽም እኛው፣ መሀል ላይ የቆመችው እሷ፣ እስከ ፋሲካ ድረስ ሦስት ሳምንት በየማታው ስትመርጥ ልታድር። ሦስት ሳምንት ከጸዳለ ጋ፣ በአንድ ማድቤት፣ በአንድ ሽንት ቤት፣ ጥርሷን ስትቦርሽ እያየሁ፣ አይሆንም፣ እሞታለሁ፣ ቅናት ሰው ገድሎ አያውቅም፣ እኔን ግን ይጀምርብኛል። ከታች ሻጩ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ እያንኳኳ ይጠብቃል።

የሕፃን ወንበር የሚታሰርበት አለው ወይ፣ እላለሁ ወደ ታች። ያ፣ አለው፣ ከኋላ ነው፣ ይላል። ናታሊ ግንባሯን ትከሻዬ ላይ ትጥላለች፣ እኔ ጣራውን እያየሁ ንገሪያት እላታለሁ፣ አሁኑኑ ጻፊላት፣ እሺ ብላለች በያት፣ ከፊት ግን አንቺ ነሽ የምትቀመጭው፣ እሷ ከልጇ ጋ ከኋላ።