የላይኛው መስክ

የክሎንቫራ ግንብ በዓመት አንድ ቀን ለሰበካችን ሰው በነፃ ይከፈታል። አንድ የደብሊን ነጋዴ ከገዛው ወዲህ የመጣ ቸርነት ነው። ሻይ አለ፤ ቅቤና የእንጆሪ ማርማላታ የተቀባ ዳቦ አለ፤ አያቶቻችን በባዶ እግራቸው እንኳ ያልረገጡትን ምንጣፍ እኛ ከነጫማችን እንድንረግጠው ይፈቀድልናል። በዚያ ቀን የሚያምረኝ መሳደብ ነው። ግን የግንቡ አስጎብኚ እኔ ስለሆንኩ ፈገግ እላለሁ። ደሞዝ የሚከፈለኝ ለዚያ ነው።

ዋናው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ባንዲራም ተሰቅሎበት፣ ሰዉ የሚገባው ግን በኋላ በር ነው። ማንም አላዘዘውም። ወላጆቹ ወተትና ማገዶ ተሸክመው ይገቡበት የነበረ በር ስለሆነ እግሩ ራሱ ወደዚያ ይወስደዋል። አዲሱ ባለቤት ይህንን በመስኮት እያየ «እንዴት ያለ ትሑት ሕዝብ ነው፣ ዲምፕና!» አለኝ። እኔ ግን ለዚህ ዓይነቱ ትሕትና ሌላ ስም ነበረኝ። እሱንም በፈገግታ አለፍኩት።

እናቴ አትራክታም የገባችው በኋላ በር ነው። ሰማንያ ስድስት ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ከግንቡ አጥር ጥግ ኖራ ግቢውን ረግጣው አታውቅም። እኔ እዚህ ሥራ ሳገኝ እንኳ «እንኳን ደስ አለሽ» አላለችኝም። ስለዚህ ያን ጠዋት ጥቁር ካፖርቷን ለብሳ፣ የእሑድ ባርኔጣዋን ደፍታ «ዛሬ እኔም እሄዳለሁ» ስትለኝ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ።

ትልቁ ሳሎን ውስጥ ጎረቤቶቻችን አንገታቸውን ወደ ወርቅ ቅብ ጣሪያው አንጋጠው «ይህን ቤት ማሞቅ ስንት ማገዶ ይፈጃል ባካችሁ?» ይባባላሉ። እናቴ ጣሪያውንም አላየች፣ ሻዩንም አልነካች።

«ቀዘቀዘብሽ እኮ» አልኳት።

«ተይው ሻዩን። ወደ ላይኛው መስክ ውሰጂኝ።»

«የቱ ላይኛው መስክ?»

«ነጯ የእሾህ ዛፍ ያለችበት ነዋ። ስንት ላይኛው መስክ አለ?»

ክው ነው ያልኩት። ላይኛው መስክ ካለፈው መከር ጀምሮ መስክ መሆኑ ቀርቷል። ሐይቁንና ፏፏቴውን ለማየት የሚመጣው ጎብኚ ስለበዛ የአውቶቡስ ማቆሚያ ሆኗል። የጠረገው ደግሞ ወንድሜ ጃርላት ነው፣ በራሱ ዶዘር። እናታችን ዳሌዋን ከተሰበረች ወዲህ ከቤት አትወጣም፤ ለአንዲት አሮጊት ስለ አንድ መስክ መንገር ለማናችንም ትዝ አላለንም።

ልጆች ሳለን መስኩ መሐል ብቻዋን የቆመች አንዲት የእሾህ ዛፍ ነበረች፤ በዙሪያዋ ሣሩ ውስጥ ትንንሽ ድንጋዮች ብቅ ብቅ ብለው ይታያሉ። «እዚያ እንዳትጫወቱ፣ ቦታው የደጋጎቹ ነው» ትለን ነበር እናቴ። ደጋጎቹ የምንላቸው ደግ ሆነው አይደለም፤ በስማቸው ከጠራናቸው ስለሚቆጡ ነው። ከመሬት በታች ይኖራሉ ይባላል። ብቻዋን የቆመች የእሾህ ዛፍ የእነሱ ናት፤ የቆረጣት ሰው እጁ ሽባ ይሆናል፣ ከብቱ ያልቃል። የሰፈሩ አዋቂ ሁሉ እንዲህ ይለን ነበር፤ እኛም አመንን። ጃርላት ዛሬ ስልሳ ዓመት አልፎት፣ ሁለት ስልክ ይዞ እየዞረ፣ እንደዚህ ያለች ዛፍ ባየ ቁጥር ያማትባል።

«እማዬ፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ሌላ ቀን በመኪና…»

«ሌላ ቀን የለኝም። ክንድሽን ስጪኝ።»

በአትክልቱ ቦታ አጥር ጥግ ቀስ እያልን ወጣን። እንዴት ብዬ እንደምነግራት ሳወጣና ሳወርድ እሷ ቀደመችኝ።

«ከአንቺ በፊት፣ ከጃርላትም በፊት፣ ወንድ ልጅ ነበረኝ።»

ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

«አትቁሚ! ከቆምሽ አልነግርሽም። እየሄድሽ ስሚኝ።»

ሄድኩ። እሷም ፊት ፊቷን እያየች ነገረችኝ። ሕፃኑ ሞቶ ነው የተወለደው። ክርስትና ያልተነሳ ደግሞ በተባረከ መሬት አይቀበርም። የዚያን ጊዜው ቄስ እንኳን ሊጸልዩለት ደጃችንንም አልረገጡ። አባቴ ማላኪ ልጁን የብርቱካን ሳጥን ውስጥ አስተኝቶ፣ ካፖርቱ ሥር ደብቆ፣ ብቻውን ይዞት ወጣ። ለእንዲህ ዓይነቱ ቀብር ሰው አይጠራም፤ እናትም ከአልጋዋ አትነሳም።

«ጎረቤቶች አልመጡም?»

«መጡ እንጂ። ቁጭ ብለው ስለ ዝናቡ አወሩ።»

«አንድም ሰው ስለ ልጁ ሳያነሳ?»

«ድንቹ ይበሰብስ ይሆን ወይ ብለው ተጨነቁ። ደግ ሰዎች ናቸው፣ የመጡት ሊያጽናኑኝ ነበር።»

«አባዬንስ? የት ቀበርከው አላልሽውም?»

«አይጠየቅማ! ሊሞት ሲል ነው ራሱ የነገረኝ። ከዛፏ ወደ ሐይቁ በኩል፣ ነጭ ድንጋይ አስቀምጬለታለሁ አለኝ። ከጉድጓድ ውኃችን አፍ ነቅሎ ነው የወሰደለት።»

«ታዲያ ደጋጎቹስ?»

«ምን ደጋጎች አሉ! እናንተ እላያቸው ላይ እየዘለላችሁ እንዳትጫወቱ የተባለ ነው። ሕፃናት ናቸው እዚያ ያሉት። የኔ ብቻ መሰለሽ? የሰበካው ሁሉ ነው። የዚያች ሳሎን ውስጥ ዳቦ የምትገምጠው የኮንሴፕታ ሁለት አሉ።»

ከካፖርቷ ኪስ የተተኮሰ ነጭ መሐረብ አውጥታ በእጄ አስያዘችኝ።

«ከድንጋዩ ሥር አንድ እፍኝ አፈር ዘግነሽ በዚህ ቋጥሪልኝ። ስሞት ሬሳ ሳጥኔ ውስጥ ትጨምሪዋለሽ። እሱን ወደ ተባረከው መሬት አላስገቡልኝም፤ አፈሩን ይዤ ስገባ ግን ማን እንደሚከለክለኝ አያለሁ።» ትንሽ ሄድ ብላ «ፊንባር ነው ስሙ» አለች። «በልቤ ነው ያወጣሁለት።»

ያኔ ልነግራት ይገባ ነበር። «እማዬ» ብዬ ጀመርኩ። «ወይ» ብላ ዞረች። ፊቷ ላይ እንደዚያ ያለ ደስታ አይቼ አላውቅም፤ ልጇን ከትምህርት ቤት ልትወስድ የምትሄድ ሴት ነበር የምትመስለው። ክንዷን ጠበቅ አድርጌ ይዤ መንገዱን ቀጠልኩ።

የመስኩን በር አልፈን ገባን።

ከዳር እስከ ዳር ግራጫ ጠጠር ነው፤ በሮለር ተዳምጦ ነጭ መስመር ተሰምሮበታል። መሐል ላይ ዛፏ አለች። ዙሪያዋን የሚያምር የእንጨት አጥር ታጥሮላታል፤ ጎብኚዎች ያሰሩባት ሪባን ይውለበለባል፤ «የተረት ዛፍ፤ እባክዎ አይንኩ» የሚል ጽሑፍም ተተክሎላታል። ጃርላት ቢጫ ሰደርያውን ለብሶ ለሚገቡት መኪኖች ማቆሚያ ያሳያል። ገና ሲያየን እጁን ዘርግቶ መጣ።

«ኧረ እመቤቲቱ ራሳቸው መጡ! ማን አመጣሽ ባክሽ እማዬ? ሊገዙት ነው እንዴ ግንቡን?»

«መስኩ የት አለ?» አለችው።

«ይኸውልሽ! ማን የሠራው ይመስልሻል?» ደረቱን ነፋ። «ባለቤቱ ዛፏንም ንቀላት ብሎኝ ነበር። ‹ዶዘሩ ይኸው ጌታዬ፣ አንተው ንቀላት› አልኩታ! አብጃለሁ እንዴ? የሂዩ ጊልሁሊ አባት ቅርንጫፏን ብቻ ነክቶ ምን እንደሆነ አገር ያውቃል። ርቄ ነው የዞርኩላት እማዬ። አንድ ቅጠል አልረገፈባትም!»

«ድንጋዮቹስ?»

«የትኞቹ ድንጋዮች?»

«ትንንሾቹ። ሣሩ ውስጥ የነበሩት።»

«እነሱማ ከአፈሩ ጋር ተጠርገው ሄዱ። ወደ ፏፏቴው መውረጃ ያለውን ረግረግ ሞላንበት። ጎብኚው እግሩ ረጠበ እያለ ሲነጫነጭ ነበር፤ አሁን መንገድ ሆኗል።» ሳቀ። «ድንጋይ እኮ ነው እማዬ፣ ምን ያደርግልሻል?»

«ዝም በል አንተ!» አልኩት።

«ምን አጠፋሁ?»

የእናቴ ክንድ ክንዴ ላይ ከበደኝ። ምን እንደምትል አውቄዋለሁ። «ደከመኝ፣ ወደ ቤት ውሰጂኝ» ትላለች፤ እኛም ወደ ቤት እንሄዳለን፤ ማታ ሻይ እየጠጣን ስለ ዝናቡ እናወራለን። ተናደድኩባት። ከጃርላት ይልቅ በእሷ ተናደድኩ። በአባቴ፣ በቄሱ፣ ድንቹ ይበሰብሳል ብለው በተጨነቁት ደግ ጎረቤቶች ሁሉ ተናደድኩ። አንዳቸው አንድ ቃል ቢተነፍሱ ኖሮ ይህ ሞኝ ወንድሜ ዶዘሩን አያስነሳም ነበር።

«ወንድምህ ነበር» አለችው እናቴ።

ጃርላት እየሳቀ ወደ እኔ አየ። እኔ አልሳቅኩም። እሷም ስለ ብርቱካን ሳጥኑና ስለ ነጩ ድንጋይ በአጭሩ ነገረችው፤ ድምፅዋን እንኳ ዝቅ አላደረገችም። ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘው።

«ማንም አልነገረኝም እኮ» አለ።

«ማንም አልነገረህም።»

«አንቺ ራስሽ ነሽ ዛፏን አትንካ ያልሽኝ! የደጋጎቹ ናት አልሽኝ፤ አልነካኋትም! ስለ ድንጋይ ግን መቼ ነገርሽኝ?» ድምፁ እንደ ልጅ ተቆራረጠ። «መቼ ነገርሽኝ እማዬ?»

«አልነገርኩህም። አንተ ዛፏን ፈራህ፤ እኔና አባትህ ቄሱን ፈራን። ለእሱ የፈራለት ሰው አልነበረም።»

እኔ ቆሜ ማየት አቃተኝ። አጥሩ ሥር ተንበርክኬ እጄን በእንጨቶቹ መሐል አሾልኬ ከዛፏ ሥር አፈር ዘገንኩ። ጥቁርና እርጥብ ነው። መሐረቡ ላይ አደረግኩት።

«ይኸው እማዬ። ያው መሬት ነው።»

ጎንበስ ብላ አየችው።

«ይህ የዛፏ ነው» አለች። መሐረቡን ከእጄ ተቀብላ አፈሩን ጠጠሩ ላይ አራገፈችው፤ አጥፋም ኪሷ ከተተችው።

መግቢያው ላይ አንድ አውቶቡስ የጃርላትን እጅ እየጠበቀ ጡሩምባ ነፋ። ጃርላት አልዞረም። ሾፌሩ መጠበቅ ሲሰለቸው ራሱ ገባ፤ በአጠገባችን አልፎ፣ ዛፏን ዞሮ፣ በሐይቁ በኩል ባለው መስመር ላይ ቆመ። እናቴ ሞተሩ እስኪጠፋ ድረስ አየችው። ጎብኚዎቹ የዝናብ ልብሳቸውን እየቆለፉ ወረዱና እዚያው ላይ ቆመው ካሜራቸውን አወጡ። አንዲት ደልደል ያለች ሴት ደረቴ ላይ ያለውን የስም ካርድ አንብባ በትሕትና ወደ እኔ መጣች።

«ይቅርታ፣ ወደ ፏፏቴው በየት በኩል ነው?»

ጉልበቴ ላይ አፈር አለ፤ ወንድሜ አጠገቤ ያለቅሳል፤ እጄ ግን ሳላዘው ተነስቶ አሳያት።

«በአዲሱ መንገድ ነው» አልኳት፣ ፈገግ ብዬ። «እግራችሁ አይረጥብም።»