ክቡን የጀመርኩት እኔ ነኝ

ሰባት ዓመት ሙሉ ሆዴ ውስጥ ያመቅኩት ነገር አለ። ያመጣብኝ ባዕድ አይደለም፤ ታናሽ እህቴ ናት።

ሁለታችንም የምንሠራው አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ነው፤ እሷ አስተማሪ፣ እኔ ጽዳት። እሷ ኮሌጅ ጨርሳለች፣ እኔ ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም። ያኔ አንድ ቀን ልጆቹ በካርቶን የሠሩት ድልድይ ተደረመሰና "አንተ ነህ! አንቺ ነሽ!" እያሉ ተላቀሱ። እህቴ በስልክ ልታወራ ወጥታለች። መወልወያዬን ግድግዳ አስደግፌ ምንጣፉ ላይ ክብ አድርጌ አስቀመጥኳቸው።

"ማን እንዳፈረሰው አልጠየቅኩም። ምን አያችሁ?"

አንዱ ካርቶኑ እርጥብ ነበር አለ። አንዷ፣ እንግዲያው ደርበን እናድርገው አለች። ሌላው ከሥሩ ጣሳ እናቁም አለ። አንዱ የጀመረውን ሌላው እየቀጠለ፣ ማናቸውም ለብቻቸው ያላሰቡትን ድልድይ አቆሙ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከጨዋታ በኋላ ክብ እንቀመጥ ጀመር። እህቴ ጥግ ቆማ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። እኔ ሞኟ ደስ ይለኝ ነበር።

ዓመቱ ሲያልቅ ርዕሰ መምህሩ ወላጆችን ሰብስበው "ይህን ያፈለቀችው አስተማሪያችን ናት" ብለው አስጨበጨቡላት። እኔ ወንበር እያመላለስኩ ነው። "እንዴት መጣልሽ?" ሲሏት ዓይን ዓይኔን እያየች "እንዲሁ ሳስብ" አለች። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋት ልጅ!

ስንወጣ "ምነው?" አልኳት።

"እታለም ደግሞ! ጽዳቷ አስተማረችኝ ልበላቸው?" ብላ ሳቀች።

ባዕድ ቢሆን ይረሳል። የእናት ልጅ ግን የት ጋ እንደሚያም አውቃ ነው የምትወጋው። ቢሆንም ልጆቹ ክባቸውን አላጡምና ዋጥኩት።

ዘንድሮ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች አስተማሪዎች ሊያዩን ይመጣሉ ተባለ። እህቴ ለየልጁ የሚናገረውን እየሰጠች ማስሸምደድ ያዘች። ድንቢጥ የምንላት የአምስት ዓመት ልጅ ቀሚሴን ጎተተችኝ።

"እትዬ፣ ዛሬ የራሴን ነው የምናገረው የተሰጠኝን?"

ይህን መዋጥ አቃተኝ። እህቴን "ልጆቹን በቀቀን አታድርጊያቸው" አልኳት።

"አንቺ ወለልሽን ተመልከቺ።"

እንግዶቹ በመጡ ቀን ድንቢጥ ታማ ቀረች። እህቴ የሷን ድርሻ አጠገቧ ለሚቀመጠው ልጅ ደረበችለት። ክቡ መሀል ባቄላ ተዘርቶበት ያልበቀለ ጣሳ ተቀምጧል። ልጁ ተነሳ።

"ባቄላው ያልበቀለው ውሃ በዝቶበት ነው።" ተቀመጠ። ወዲያው ደግሞ ተነሳ። "እኔ ግን በእሱ ሐሳብ አልስማማም።"

"በማን ሐሳብ?" አለች አንዷ እንግዳ።

"በእኔ።"

እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። ልጁ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። እህቴ በዓይኗ ፈለገችኝ፤ "እታለም፣ አውጪኝ" የሚል ዓይን። ትንሽ ሆና ስትወድቅም እንዲሁ ነበር የምታየኝ።

ባልዲዬን በር ላይ ትቼ ገባሁና ከልጁ ጎን መሬት ተቀመጥኩ።

"እርስዎ ማን ነዎት?" አለችኝ እንግዳዋ።

"ጽዳት ነኝ። ይህን ክብ የጀመርኩትም እኔ ነኝ፣ ከሰባት ዓመት በፊት። አስተማሪዋ እህቴ ናት፣ ታውቃለች፤ ጠይቋት። አሁን የሰማችሁት ግን የልጆቹ አይደለም፣ ተሰጥቷቸው ነው።"

እህቴ ፊቷ አመድ መሰለ። ባልዲዬን ተሻግራ ወጣች። አልተከተልኳትም።

ጣሳውን አንስቼ፣ ጠዋት ራሴ ባጸዳሁት ምንጣፍ ላይ አፈሩን ሁሉ ዘረገፍኩት።

"የተሸመደደውን ተዉት" አልኳቸው። "ምን ይታያችኋል?"

መጀመሪያ እጁን አፈሩ ውስጥ የከተተው ያ ልጅ ነው።