ዜንቹ በየዓመቱ የሚያመጣልኝ ቢጫ ቀለም

ጎረቤቴ ዜንቹ በየዓመቱ፣ የዝናቡ ወር ሲያልፍ፣ አንድ ቆርቆሮ ቢጫ ቀለም ይዞልኝ ይመጣል። «ከጀልባው ተርፎ ነው። ጣሪያሽ ላይ ላለው የውሃ ታንከር ይሁንሽ» ይላል። ጀልባው ነጭ ነው። ዙሪያውን ብትፈልጉ ቢጫ አታገኙበትም። ባሌ ከሞተ በኋላም ቀለሙ ስላልተቋረጠ የሰፈሩ ሴቶች ያሙኝ ጀመር። እኔም አልዋሽም፣ ቆርቆሮው በመጣ ቁጥር ፀጉሬን አበጥር ነበር።

ዜንቹ የባሕር ጠላቂዎችን በጀልባው ወደ መጥለቂያ ቦታ የሚወስድ ሰው ነው። በደሴታችን ዙሪያ ጥሩ ጥሩ መጥለቂያ ሞልቷል፤ ከትልቁ ከተማ ከናሃ በመርከብ የሚመጡት እንግዶች ግን የሚፈልጉት «ድስቱን» ነው። የተደፋ ድስት የሚመስል ቋጥኝ ነው፣ ከሥሩ ኤሊዎች ይተኛሉ። ከውሃው በላይ ግን ምንም አይታይም። የኛ ባሕረኞች እንዲህ ያለውን ቦታ የሚያገኙት ተራራ በማጋጠም ነው፦ የብስ ላይ ሁለት ነገር ይመርጡና አንዱ ከሌላው ፊት ልክ ሲገጥም መልሕቅ ይጥላሉ። ምልክታቸውን ለልጅ እንጂ ለሌላ ሰው አይናገሩም። ለሚስት እንኳ!

ዘንድሮ ሴት ልጁ ሂናኮ ጀልባውን ልረከብ አለች። ዜንቹም የጀልባውን አቅጣጫ መሪ መሣሪያ በፎጣ ሸፈነና «ድስቱን ብቻሽን ካገኘሽ ጀልባው ያንቺ ነው። ካላገኘሽ ናሃ ሄደሽ ሆቴል ተቀጠሪ» አላት።

ደሴታችንን ከመታው አውሎ ነፋስ ወዲህ ጀልባ ሲወጣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። ልብስ ላሰጣ ጣሪያዬ ላይ ወጥቼ አየኋት። ሄደች፣ ዞረች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ዞረች።

«ምን ሆናለች ይቺ ልጅ? ጭራውን እንደሚያሳድድ ውሻ!» ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ከታች የግቢዬ በር ተበረገደ። ዜንቹ ነው፤ ነጠላ ጫማው አንድ እግሩ ላይ ብቻ ቀርቷል።

«ታንከሩ የታለ?»

«የቱ ታንከር?»

«ቢጫው ነዋ!»

«አውሎ ነፋሱ ሰነጠቀውና አስቀየርኩት። አዲሱን አየኸው? እንደ መስታወት ነው የሚያበራው።»

ራሱን ይዞ ደረጃዬ ላይ ዘጭ አለ። «ምልክቴ እኮ ነው፣ ቶሚዬ! ታንከርሽ ኮረብታው ላይ ካለው የመብራት ማማ ሥር ሲገጥም ነው ድስቱ የሚገኘው!»

«ታዲያ ቀለሙ…»

«እንዳይደበዝዝብኝ ነዋ! ምን መስሎሽ ነበር?»

«ምንም» አልኩት ቶሎ ብዬ። «በል ደውልላት።»

«አልችልም። ማንም አይረዳትም ብዬ በጀልባዬ ምያለሁ።»

«የማልከው አንተ። እኔ ምን አገባኝ?»

ቢጫ ብርድ ልብሴን ከአልጋዬ ገፍፌ ጣሪያው ላይ አወጣሁና ታንከሩን እንደ ሕፃን ጠቀለልኩት፤ በልብስ መቆንጠጫ አያያዝኩት።

«ወደ ግራ ሳብ አድርጊው! ወደ ግራ!» ይላል ከታች።

«ማንም አይረዳትም አላልክም?»

«እኔ የረዳሁት አንቺን ነው!»

ጀልባው ቀጥ አለ። አፍንጫውን አዙሮ ጥቂት ተጓዘና መልሕቅ ጣለ። ጠላቂዎቹ ተራ በተራ ጠልቀው ጠፉ። ዜንቹ ዓይኑን በቲሸርቱ ጠረገ። «የባሕር ውሃ ገብቶበት ነው» አለ፣ እኔ ቤት ደረጃ ላይ ቆሞ።

ከሰዓት በኋላ ሂናኮ ፀጉሯ ሳይደርቅ መጣች።

«እትዬ ቶሚዬ፣ ኤሊዎቹ ደኅና ናቸው። እግዜር ይስጥልኝ! የእርስዎን ብርድ ልብስ ሳስብ ውሃ ውስጥ ሳቄ አልቆም አለኝ።» ከዚያ ወደ አባቷ ዞረችና ድምጿ ቀነሰ። «አባዬ፣ በሰው እርዳታ ነው ያገኘሁት። አይቆጠርልኝም አይደል?»

«ምልክቱን ስታጪ እንግዶቹ ‹እዚሁ እንግባ› አላሉሽም?»

«ነዘነዙኝ እንጂ! ቦታውን ሳላውቅ ማንንም ውሃ ውስጥ አልከትም አልኳቸው።»

«እኔ ማየት የፈለግሁት እሱን ነው» አለና የጀልባውን ቁልፍ መዳፏ ላይ አኖረ።

ባሌ ከሞተ ወዲህ ይህን ቤት ቀና ብሎ የሚያይ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ለካ እኔ ልብስ ሳሰጣ፣ ሳንጎላጅ፣ ከራሴ ጋር ሳወራ፣ ከባሕሩ ላይ በየቀኑ ቤቴን የሚፈልግ ሰው ነበር። ቤቷ ቁጭ ብላ ለሰው መንገድ መሆን የታደለችው ስንቷ ናት? ተመስገን ነው።

በማግሥቱ ዜንቹ ቆርቆሮውን ይዞ መጣ። «ከጀልባው ተርፎ…» ብሎ ጀመረና ራሱ ሳቀ። የያዘው ብሩሽ ሁለት ነው።

ፀጉሬንማ አበጥሬ ነው የጠበቅሁት።