ሁለት ተኩል

«የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ የቤቱ ብቸኛ ስለታም ቢላ ከወጥ ቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ያየ ሰው እንዲያሳውቀን በታላቅ አክብሮት እንጠይቃለን።»

አጎትየው የወንድሙን ሞት እንኳ በዚህ ድምፅ አልተናገረም። ጡረታ የወጣ ርዕሰ መምህር ነው፤ ሦስት ሰው ተሰብስቦ ካየ ንግግር ካላደረገ ያመዋል።

«እኔ ጋ ነው ጋሼ» አለ ግማሽ የሚሉት ወጣት፣ በሩ ሥር ለእንግዶች ዳቦ እየቆረጠ።

ሟች የሲሚንቶ ፋብሪካ የሒሳብ ሹም ነበር። ነገ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ አጎትየው ጽፎታል፤ «የአንዲት ሴት ልጅ አባት» ይላል።

«ሁለት ልጆች ይበሉት» አለች ልጅቱ በሹክሹክታ።

«ግማሽ የእናትሽ እህት ልጅ ነው። አሳደገው፤ እግዜር ይስጠው። ታሪክ ግን በይሉኝታ አይጻፍም።»

ግማሽ ሰማ። ቢላው ዳቦው ላይ ትንሽ ቆመና ቀጠለ።

ስሙን ያወጣለት ሟቹ ራሱ ነው። ልጁ እናቱ ሞታበት ሻንጣውን ይዞ የመጣው ዓመቱ ሲጋመስ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ አባት እንደ ልማዱ ኬክ ገዛ፤ እንደ ልማዱም ሳይቆርጠው በፊት የአንድ አክሲዮን ትርፍ እንዴት እንደሚሰላ ማስተማር ያዘ።

«ይሄ የተጣራ ትርፍ ነው። መጀመሪያ ባለቅድሚያዋ ባለአክሲዮን ድርሻዋን ታነሳለች» ብሎ ለሚስቱ ቆረጠላት። «የተረፈው ለእኛ ለተራዎቹ።»

«ለሦስት ይካፈላላ» አለች ልጅቱ።

«ተሳሳትሽ። እሱ የገባው ዓመቱ ሲጋመስ ነው። ግማሽ ዓመት የቆየ አክሲዮን ግማሽ ሆኖ ይቆጠራል። ስለዚህ ለሁለት ተኩል።»

የተረፈውን አምስት ቦታ ቆረጠው። ለራሱ ሁለት፣ ለሷ ሁለት፣ ለልጁ አንድ።

«አንተ ሰውዬ፣ አንጀት የሚባል ነገር አልፈጠረብህም?» አለች ሚስቱ።

«ሒሳቡ ትክክል ነው» አለና የራሱን ሳህን በአውራ ጣቱ ወደ ልጁ ገፋ።

«አሁን እኮ እሱ ሦስት፣ እኔ ሁለት ሆንን። ይሄ በየትኛው ሕግ ነው?»

የዕቃ እርጅና ቅናሽ ሒሳብን ለጎረቤት ድመት እንኳ ሲያስረዳ የኖረ ሰው፣ ያን ቀን ምንም ሳያብራራ ጣቱን ላሰ። በቀጣዩ ዓመት ልጁ ሙሉ ሆኖ ተቆጠረ፤ ስሙ ግን እዚያው ቀረ።

አመሻሹ ላይ የፋብሪካው ሰዎች ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ገንዘብ ያዧ ኬክ ይዛለች።

«ለለቅሶ ኬክ?» ተንሾካሾኩ ሴቶቹ።

«ይወድ ነበራ» አለች ሳትሸማቀቅ።

ግማሽ ቆረጠው። መጀመሪያ ለባለቅድሚያዋ አቀረበ፤ እሷም ነገሩ ገብቷት፣ ባሏ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ቀጥሎ እንግዶቹን አዳረሰ። አጎትየው ጋ ሲደርስ ኬኩ አልቆ ነበር። የቀረው የግማሽ የራሱ ሳህን ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በአውራ ጣቱ ወደ ሽማግሌው ገፋው።

«አንተስ?»

«ይብሉ ጋሼ።»

አጎትየው ሳህኑን ትኩር ብሎ አየው። ልጅ ሳሉ ታላቅ ወንድሙ ስንት ማታ የራሱን እራት በዚሁ አገፋፍ ገፍቶለታል። መነጽሩን ጠረገ። ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና አንድ መስመር ሰረዘ፤ ከበላዩ ጻፈ።

ልጅቱ በትከሻው ላይ አጎንብሳ አነበበች፤ «የሁለት ልጆች አባት።»

«ጋሼ፣ ምን ተገኘና?»

ኬኩን ጎረሰ። ዓይኑ እርጥብ ነበር።

«አላብራራም» አለ።