የወርቅ ሠሪው ጥራጊ

ሰኪና ባሏን የምትወደውን ያህል ሥራውን ትጸየፈው ነበር። ሱፍያን ወርቅ ሠሪ ነው፤ ቦሌ ሚካኤል ባለችው ባለሁለት ክፍል ቤታቸው ውስጥ የወርቅ ብናኝ በሜርኩሪ ይለቅምና ሜርኩሪውን በእሳት ያባርረዋል። የሚያባርርበት መጥበሻ የእሷ የእንቁላል መጥበሻ መሆኑን ያወቀች ቀን ጮኸችበት። እሱ ግን ታጥቧል እኮ ብሎ አለፋት።

አንድ ማክሰኞ የሜርኩሪው ብልቃጥ ከእጁ አምልጦ ምንጣፉ ላይ ተከሰከሰ። ያ ብርማ ጉድ እንደ ቅማል ተበታትኖ በየስፌቱ ገባ። ጤነኛ ሰው ቢሆን ምንጣፉን አውጥቶ ይገላገል ነበር። ወርቅ ሠሪ ግን ጥራጊ አይጥልም፤ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን አቃጥሎ ከውስጡ ወርቅ ያወጣል። ስለዚህ በመጥረጊያ አግበስብሶ፣ ከፀጉርና ከአቧራ ጋር በፌስታል ቋጥሮ አልጋው ሥር ወሸቀው። አልጋው ላይ የምትተኛው ገና በዳዴ የምትሄደው ልጃቸው ሀጀር ናት።

ሰንበትበት ሲል የሀጀር መዳፍ ቀልቶ ይላጥ ጀመር። ላብ ያጠምቃታል፣ ትነጫነጫለች፣ ጡትም እንቢ አለች። ጎረቤታቸው ደሪቱ ነርስ ናት፤ መጥታ ስለ ብልቃጡ ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። ትነቱ አይሸትም፣ አይታይም፣ በመጥረጊያ መጥረግም ያባብሰዋል፤ የሕፃን አንጎልና ኩላሊት ይጎዳል አለች። መስኮቱን በርግዳ ከፍታ ሐኪም ቤት የሚያደርሳቸው መኪና ልትፈልግ ወጣች።

ሱፍያን ሳቀ። አባቱም አያቱም ወሎ ውስጥ በዚሁ ሥራ አርጅተዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጥ የነበረው በእርጅና ነው አለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

ሲከራከሩ ሀጀር ከአጠገባቸው ጠፋች። ሰኪና ጎንበስ ብላ አልጋው ሥር ብታይ፣ ልጅቷ ፌስታሉን ቀዳ በዚያ ቆሻሻ መሐል ተቀምጣ ጣቶቿን ትጠባለች። ጎትታ አወጣቻት፤ ከለሃጯ ጋር የተለወሰውን ግራጫ አቧራ ከአፏ በእጇ ጠራረገች። ያኔ የወርቅ የጋብቻ ቀለበቷ ሜርኩሪው ይዞት ነጥቶ አየችው። ብታሸው ንጣቱ ጭራሽ ሰፋ።

ሱፍያንም አየ። ያየው ግን ቀለበቱን ነው።

«አውልቂና ስጪኝ» አለ። «እሳት ሲነካው ወርቅነቱ ይመለሳል።»

ሰኪናን አንገሸገሻት። ፊቱን ማየት ራሱ አስጠላት። ቀለበቱን አውልቃ ምንጣፉ ላይ ጣለችለት።

«ቀለበቱስ ይመለሳል። እሷን በምን ትመልሳታለህ?»

ሱፍያን ጎንበስ ብሎ ቀለበቱን አነሣ። ቀና ሲል ሰኪና ልጇን ታቅፋ ወጥታለች።