ሀብተጊዮርጊስ ያላሰረው ቬንትላተር

«ኧረ እግሩን ይዛችሁ ሳቡት! ሰውዬው ሊሞት ነው!» አለች ጎረቤቲቱ ዘይባ።

አበራ ከአሮጌዋ ጂፕ ሥር በጀርባው ተንጋሎ፣ ሽቦ በጥርሱ ነክሶ ስለነበር መልስ መስጠት አልቻለም። የለቅሶው ድንኳን የተተከለው ከጂፗ አፍንጫ ፊት ነው። ጂፗ የሟቹ የሀብተጊዮርጊስ ናት፤ አበራ ደግሞ የልብ ወዳጁ፣ ወልቂጤ ላይ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። ለቅሶ ቤት መጥቶ ሥራ የሚሠራ ሰው ነውረኛ ነው። ስለዚህ ማንም ሳያየው ሾልኮ ገባ። ጫማውን የሚደብቅበት ግን አላገኘም።

«ኀዘኑ ጸንቶበት ነው» አለ አንድ ለቀስተኛ። «ከቀብር ጀምሮ አላለቀሰም። ያልወጣ እንባ ሰው ይገድላል።»

ቁርጭምጭሚቱን ይዘው ጎተቱት። ግንባሩ ከብረት ጋር ተላተመ። ሲወጣ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«አልሐምዱሊላህ፣ አለቀሰ!» አለች ዘይባ።

እውነቱን የምታውቀው የሟቹ ሚስት ወለተ ሐና ብቻ ነበረች። ጠዋት ወደ ጓዳ ጠርታ አዲሱን ቬንትላተር፣ የራዲያተሩን ማራገቢያ፣ እሰርልኝ ብላ የለመነችው እሷ ናት።

«አበራዬ፣ ነገ ለአገር ቤቱ ለቅሶ አረቅጥ እንወጣለን። ጋሽ ተረፈ ያለውን ሰምተሃል?»

ሰምቷል። የሟቹ ታላቅ ወንድም ተረፈ በሽማግሌዎች ፊት ተናግሯል፤ ጂፗ አቀበቱ ላይ አንዴ ከቆመች ለቁርጥራጭ ብረት ትሸጣለች። «ሙሽራን ከነቬሎዋ ወንዝ አውርዳ ውኃ ያስቀዳች መኪና ናት!» ብሎ ነበር። ሙሽራዋ ወለተ ሐና ነበረች።

«ይሸጣት ብል ምን አለበት?» አለች ነጠላዋን እያጣመመች። «ግን ሰውየው ዕድሜውን የኖረው ከእኔ ጋር መሰለህ? እሷ ውስጥ ነው። ወንበሯ ላይ የተቀመጠበት ቦታ እስካሁን ጎድጎድ እንዳለ ነው።»

ቬንትላተሩን ከአዲስ አበባ ያመጣው ሀብተጊዮርጊስ ራሱ ነበር። የድሮው በሞተሩ ቀበቶ፣ በቺንጊያ፣ ስለሚዞር አቀበት ላይ ሞተሩ ሲያዘግም አብሮ ያዘግማል፤ ራዲያተሩም ይፈላል። አዲሱ ግን ከባትሪ ስለሚበላ ሞተር አይጠብቅም። አበራ ላስርልህ ባለው ቁጥር ሰውየው ምክንያት አያጣም። «ዛሬ ዝናብ ነው።» «ዛሬ ማርያም ነው።» አንድ ቀን አበራ ተቀየመ።

«ሙያዬን ንቀህ ነው?»

ሀብተጊዮርጊስ ሳቀና ትከሻውን መታ አደረገው። ቬንትላተሩ ከነካርቶኑ አልጋ ሥር ኖረ።

ከሰዓት በኋላ አበራ ኮፈኑን ከፍቶ የመጨረሻዋን ሽቦ ከባትሪው ጋር አገናኘ። ሲጎትቱት ሽቦዎቹ ተለዋውጠውበት ኖሮ ቬንትላተሩ በግልባጩ ዞረ። አየር ወደ ሞተሩ መሳብ ሲገባው፣ ራዲያተሩ ለዓመታት ያጠራቀመውን አቧራ ሁሉ ወደ ድንኳኑ ተፋው። የሽማግሌዎቹ ንፍሮ ቀይ ሆነ።

«ነፍሱ ናት!» አለ አንዱ ሽማግሌ ጋቢውን እያራገፈ። «ስትሰናበተን ነው።»

«ነፍስ ናፍታ ናፍታ አይሸትም» አለ ተረፈ። ተነሥቶ መጣ። ኮፈኑን አየ፣ አበራን አየ። «በወንድሜ ለቅሶ ላይ መፍቻ?»

«መፍቻ አይደለም፣ ጋሽ ተረፈ። ፒንሳ ነው።»

ተረፈ ፒንሳውን ጎንበስ ብሎ አየው። «እሺ። ነገ እናያለን። አንዴ ከቆመች አለቀላት።»

አበራ ሽቦዎቹን አለዋወጠ።

በማግሥቱ እምድብርን አልፈው አቀበቱን ተያያዙት። አበራ ይነዳል። ተረፈ ከጎኑ ተቀምጦ የሙቀት መለኪያውን እንደ ሌባ ይጠብቃል። መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። አበራ ከኀዘኑ ጋር የማይሄድ ፈገግታ መጣበትና ከንፈሩን ነከሰ።

አንድ መታጠፊያ ላይ ሽማግሌ ጄሪካን ይዘው ቆመዋል። እጃቸውን አነሡ።

«አልፈላችም፣ አባቴ!» ብሎ በመስኮት ጮኸና አለፋቸው።

በቀጣዩ መታጠፊያ ደግሞ አንዲት አሮጊት ጄሪካን ይዘው ቆመዋል።

«አቁም» አለች ወለተ ሐና ከኋላ።

«ከቆምን ተሸጠች እኮ!»

«አቁም አልኩህ።»

አቆመ። አሮጊቷ መስኮቱ ድረስ መጡ።

«ጂፗ ለለቅሶ ታልፋለች ሲሉን ውኃዋን ይዘን ወጣን። ሁልጊዜ እዚህ ነው የምትፈላው። እስክትበርድ ሀብቴ ከኛ ቤት ነው። የልጄንና የባሏን ጠብ የፈታው ጂፗ እስክትበርድ ነው። እንዲያውም ከበረደች በኋላም ‹ገና ነች› ይለን ነበር።»

አበራ አልጋ ሥር የኖረውን ካርቶን አሰበ። ‹ዛሬ ዝናብ ነው›፣ ‹ዛሬ ማርያም ነው› የተባለውንም።

ተረፈ በሩን ከፍቶ ወረደ። ጄሪካኑን ከአሮጊቷ እጅ ተቀበለ።

«ኮፈኑን ክፈት።»

«ጋሽ ተረፈ፣ ራዲያተሩ ሙሉ ነው እኮ።»

«ክፈት አልኩህ!»

አበራ ከፈተ። ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ቀስ አድርጎ አላቀቀው። ተረፈ አፈሰሰ። ውኃው ወዲያው ሞልቶ በጂፗ አፍንጫ ወርዶ የለቅሶ ጫማውን አራሰው። እግሩን አላነሣም።

«ከዚህ ቀጥሎስ» አለ ቀና ሳይል፣ «የት ነው የምትፈላው?»

«ከዋርካው ሥር ነው፣ ልጄ። እነሱም እየጠበቁ ነው።»

ተረፈ ራሱን ነቀነቀና ማፍሰሱን ቀጠለ። አበራ ክዳኑን እንደያዘ፣ ጄሪካኑ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀው።